የበረዶው ሸሚዝ

«ዲያቆን ሉሺየስ፣ ስለ ፈጣሪ ቀስ በል!»

ብጮህ ማን ሊሰማኝ። የበረዶ መኪናው በቀዩ የአቧራ መንገድ ላይ እየዘለለ ይበራል። ዲያቆኑ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይስቃል። እኔ በአንድ እጄ በሩን፣ በሌላው ሸሚዙን ይዣለሁ። ሸሚዙን በመጥረጊያ እንጨት ላይ ሰቅዬ፣ አቧራ እንዳይነካው ንጹሕ አንሶላ አልብሼ፣ እንዳይጨማደድም ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ። ክንዴ ዝሏል። ግን አላወርደውም፤ ክንዴ ይቆረጣል እንጂ አላወርደውም።

መንገድ ዳር ኮክ የሚለቅሙ ሴቶች መሰላላቸው ላይ እንደቆሙ ዞረው አዩን።

«ሚስ ቴምፒ! ሠርግ ነው ቀብር?» አለች አንዷ።

«ማኮን ነው!» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? የልጅ ልጄ ከተማ ገብቶ ብሉዝ ሊዘፍን ነው ልበላት? እኔ፣ የጽዮን ተራራ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የእናቶች መዘምራን መሪ?

ኦዜል ከኋላ ነው፤ በጆንያና በሰጋቱራ የተሸፈነው በረዶ ላይ ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል። ሃያዎቹን የጀመረ ጎረምሳ ነው፤ ለእኔ ግን ያው ልጅ ነው።

«እማማ፣ ሸሚዙ ደህና ነው?» ብሎ ይጮኻል። እየቀለደብኝ ነው።

«ሸሚዙን ተወውና አንተ ጎንህን ከበረዶው ላይ አንሳ! የሳንባ ምች ይይዝሃል!»

«በሐምሌ?»

«በሐምሌ የሞተ አላየሁም? የጄሲ ባል በሐምሌ አይደል የሞተው?»

«የጄሲን ባል በቅሎ ረግጦት ነው የሞተው» አለ ዲያቆኑ።

«አንተ መንገድህን እይ!»

ዲያቆን ሉሺየስ ታገርት በቤተ ክርስቲያናችን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። በሥራ ቀን ለማኮን ሆቴሎች በረዶ ያመላልሳል። ይህን ጉዞ ለማንም አንናገርም ተባብለናል። «እኔ የማደርሰው በረዶ ነው» አለኝ ጠዋት፣ «በረዶው ላይ ሰው ቢንጠለጠል አላየሁም።» ዘፈን የሰይጣን ነው ብሎ ሲሰብክ ከርሞ፣ ኦዜል በረንዳችን ላይ ሲጫወት አጥር ተደግፎ እግሩን ሲመታ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ጥጥ ዋጋ ያጣበት ዓመት ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያው ተዘግቶ ወንዶቹ ሁሉ በየበረንዳው ተዘርግተው ሳለ፣ ካፒቴን ስትሪክላንድ የሚባለው መልማይ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። ከፍሎሪዳ ወዲህ፣ ረግረጉ ውስጥ፣ የጥድ ሙጫ ለሚለቀምበት ካምፕ ሰው ይሰበስባል። መኪናው ሰኞ ጠዋት ነው የሚመጣው። ኦዜል እሺ ብሎታል። እሺ ሲል እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ስሰማ ቅርጫቱ ከእጄ ወደቀ።

ምክንያቱም ያ ካምፕ አባቱን በልቶታል። ልጄ ሩፈስ በዚሁ መንገድ፣ እንደዚሁ ባለ መኪና ሄደ። ከዚያ የሚወጣ ሰው ወይ ሬሳ ሆኖ ነው ወይ በውሾች እየተባረረ፤ ሩፈስ ግን ሬሳውም አልመጣልኝ። «ትኩሳት ነው» አሉን፣ አለቀ። የቀረኝ ይህ የሰንበት ሸሚዙ ነው።

ታዲያ ሚስተር ኮፕሊን የሚባል፣ የዘፈን ሸክላ የሚያሳትም ሰው ከሰሜን መጥቶ ማኮን አንድ ሆቴል ውስጥ ድምፅ እየቀረጸ መሆኑን ዲያቆኑ ሲነግረን፣ ከሁለት ክፉ አንዱን መረጥኩ። ሰውዬው ድምፅ በሚቀርጽበት ሰም ላይ ድምፁ ያማረለትን ሰው ነገ በባቡር ይዞት አትላንታ ይገባል፣ ከዚያም ከከተማ ከተማ ያዞረዋል። ያላማረለት ወደ ቤቱ። ለእኛ ቤት ማለት ደግሞ የሰኞው መኪና ነው። ከካምፑና ከሰይጣን ዘፈን፣ ሰይጣን ይሻላል አልኩ። ሰይጣን ቢያንስ ደብዳቤ ያስጽፋል።

የኦክመልጊን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። ከተማው ውስጥ ስንገባ ዲያቆኑ እንኳ መሳቁን አቆመ።

ሆቴሉ ጓሮ፣ በኩሽናው በር በኩል ቆምን። የፊተኛው በር የእኛ አይደለም። ዲያቆኑ የበረዶ መቆንጠጫውን አንስቶ አንዱን ትልቅ ክፍልፋይ ትከሻው ላይ አወጣ፤ ጀርባው ላይ የጣለው የቆዳ መከለያ ወዲያው በውሃ ራሰ። «ተከተሉኝ፣ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ ማንም ቢጠይቅ በረዶ ናችሁ» አለ። እኔም ሸሚዜን እንደ ባንዲራ ይዤ በጠባቡ የአገልጋዮች ደረጃ ወጣሁ። «እማማ፣ እሱን አውርጂው እኮ፣ ጣሪያ ሊነካ ነው» ይለኛል ኦዜል ከኋላዬ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጎረምሳው ፈርቷል። እሱ ሲፈራ እኔ የት ልግባ?

ክፍሉ ምድጃ ነው። መስኮቱን ሁሉ በብርድ ልብስ ቸንክረውታል፤ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ ነው። መሀል ላይ በዘንግ የቆመ ክብ ማይክሮፎን። ከመጋረጃ ጀርባ ማሽኑ፣ እሱም እንደ ግድግዳ ሰዓት በሰንሰለት በተንጠለጠለ ክብደት የሚዞር። ሰሞቹ፣ የዳቦ ውፍረት ያላቸው ክብ ክብ ሰሞች፣ እንዳይደርቁ የሚሞቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሰውን የሚያቀዘቅዘው ጥግ ላይ ያለ ትልቅ የቆርቆሮ ገንዳ ብቻ ነው። ዲያቆኑ በረዶውን እዚያ ውስጥ ጨመረው፤ ውሃው ተፈናጠረ።

ሚስተር ኮፕሊን ወፍራም ነው፤ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል። በሩ አጠገብ ቫዮሊንና ባንጆ የያዙ ሦስት የገጠር ነጮች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አንተ ነህ የበረዶው ሰው ያወራልህ?» አለው ኦዜልን። «ቶሎ በል። ሦስት ሰም ነው የቀረኝ፣ የመጨረሻው የእነዚህ ሰዎች ነው። አክስቴ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ።»

አክስቴ። ነጭ ለጥቁር አሮጊት «ወይዘሮ» እንዳይላት ያበጃት መጠሪያ ናት። የእኔ እኅት የአንተን አባት አላገባች፣ የማን አክስት ነኝ? ይህን በሆዴ ብዬ በአፌ፣ «ጌታዬ፣ ሸሚዙን ላልብሰውና ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ትንፋሼንም አይሰሙት» አልኩ።

«ሸሚዝ? ሸክላ እኮ ሸሚዝ አያሳይም።»

«ፈጣሪ ያያል፣ ጌታዬ።»

የቫዮሊኑ ሰው ሳቀ። ሚስተር ኮፕሊን እጁን አወናጨፈ፤ እሺ ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት።

አንሶላውን ገፈፍኩ። እንዲህ ያለ ሸሚዝ ያ ክፍል አይቶ አያውቅም። በአካባቢያችን «የቴምፒ ሸሚዝ ባለቤቱ ባይኖርም ራሱ ቆሞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል» ይሉኛል፤ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ሚስት እንኳ አንገትጌ የምታሳጥበው ለእኔ ነው። የበቆሎ አሚዶውን ራሴ ነኝ የማበስለው፤ ቁንጣሪ ጨው፣ እንዲያብረቀርቅ የሻማ ፍርፋሪ፣ ከዚያ ካውያውን ምራቄ ሲያርፍበት ጭስ እስኪል ማጋል ነው። ለዛሬ ደግሞ ሁለት ጊዜ አሚዶ ነከርኩት። የሰው ልጅ ሲፈራ ሁሉን ነገር ያበዛል።

አለበስኩት። እጅጌው ሲከፈት እንደ አዲስ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አንገትጌው አገጩን ደገፈው። «እማማ፣ መታጠፍ አልቻልኩም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ማን ታጠፍ አለህ?»

ቀይ አምፖል በራ።

ኦዜል አውራ ጣቱን ወፍራሙ ክር ላይ ጣለ፤ ሌሎቹ ጣቶቹ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ እንደ ዶሮ ጫጩት መሯሯጥ ጀመሩ። ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ያዝኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ፤ ለዘፈን ጸሎት አልተማርኩም። አንድ ስንኝ፣ ሁለት ስንኝ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ መሐንዲሱ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ቀጭን ልጅ እግር፣ እጁን እያውለበለበ ወጣ።

«አቁሙ! አቁሙ! የሚጠበስ ነገር አለ!»

«ምን?»

«እንቁላል የሚጠበስ ድምፅ አለ፣ ጌታዬ። ከጊታሩ ጋር እኩል ይመታል።»

ሰሙን መልሰው አጫወቱት። አንዴ መልሰው ካጫወቱት ሰሙ ይበላሻል፤ ያ ሰም ሞተ ማለት ነው። እኔ ግን ሰም አላሰብኩም። የኦዜል ድምፅ፣ ከፊቴ ከተቀመጠው ኦዜል አፍ ሳይሆን፣ ከግድግዳው በኩል መጣ! ዘልዬ ተነሣሁ። ዲያቆኑ ክንዴን ያዘኝ። እዚያ ድምፅ ሥር ግን፣ ጣቱ ክሩን በመታ ቁጥር፣ ቅርጭም፣ ቅርጭም፣ ቅርጭም።

መሐንዲሱ ወንበሩን ነቀነቀ። ጫማውን አየ። ጊታሩን አንኳኳ። ቀጥሎ የኦዜልን ክንድ በጊታሩ ጠርዝ ላይ አስኬደውና ጆሮውን አስጠጋ። ቀና ሲል ፈገግ አለ።

«ሸሚዙ ነው።»

ቫዮሊነኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ደሜ በሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«እንግዲህ አውልቀው» አለ ሚስተር ኮፕሊን።

«አያወልቅም!» አልኩ። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

«አክስቴ!»

«ጌታዬ፣ ከሥር… ከሥር ያለው ሸሚዝ የሚታይ አይደለም።»

ኦዜል ግን ቁልፎቹን ፈትቶ ጨርሷል። አወለቀው። ከሥር ያለው እኔው ከዱቄት ከረጢት የሰፋሁለት ካናቴራ ነው። ሁላችንም ከዱቄት ከረጢት ነው የምንለብሰው፣ ጽሑፉ ግን በአመድ ውሃ ሲቀቀል ይለቃል። የዚህኛው አልለቅ ብሎኝ ነበር። ደረቱ ላይ የዱቄት ፋብሪካው ምልክት፣ ክንፉን የዘረጋ ቀይ አውራ ዶሮ፣ ከነጉትያው ቆሟል።

ሳቁን መግለጽ አልችልም። የባንጆው ሰው ግድግዳ ያዘ። ዶሮ ነው የሚጮኸው አንዱ፣ «ኩኩሉ!» እያለ። ሚስተር ኮፕሊን ዓይኑን እየጠረገ፣ «ስምህን አውራ ዶሮ ብዬ ላትምልህ? ይሸጣል እኮ!» አለ።

«ኦዜል ፕሩዊት ነው ስሙ» አልኩ። ማን ይስማኝ።

ኦዜል ተቀመጠ። ቀዩ አምፖል በራ። ጣቶቹ ክሩ ላይ ደረሱና… አልሄዱም። አየሁት። የአንገቱ ሥር ይመታል። አንዴ ጀመረ፣ ሳተ። እንደገና ጀመረ፣ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ታንቆ ቀረ። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች አፋቸውን አፍነው ትከሻቸው ይነቃነቃል። ሚስተር ኮፕሊን አምፖሉን አጠፋው።

«ሁለተኛው ሰም ሄደ። ይበቃል። አንድ ነው የቀረኝ፣ የእነሱ ነው።»

ኦዜል ጊታሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ እኔ ሳያይ፣ «እማማ፣ እንሂድ» አለኝ። «ሰኞ እሄዳለሁ። ምንም አይደል።»

ምንም አይደል! ሩፈስም ያንን ነበር ያለኝ፣ መኪናው ላይ ሲወጣ። በዚያው ድምፅ። ያው የወረደ ትከሻ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ መነጨቅኩ፣ ገንዳው ጋ ተንበረከክኩ፣ ከነእጄ በረዶው ውሃ ውስጥ ደፈቅኩት። የልጄን ሸሚዝ። በየሳምንቱ ሰው ሳያይ አውጥቼ፣ ማንም ያላቆሸሸውን አጥቤ፣ ተኩሼ መልሼ የማስቀምጠውን ሸሚዝ። በክንዴ ተጫንኩት፣ በሁለት እጄ አሸሁት፣ የበረዶ ስባሪ እንደ ሳሙና ይዤ አንገትጌውን ፈተግኩት። አሚዶው እንደ ወተት ወጣ። ጣቶቼ አልተሰሙኝም።

«ምን እየሠራች ነው? ምን እየሠራች ነው ሴትየዋ?» ይላል ሚስተር ኮፕሊን።

«እያለሰለሰችው ነው» አለ ዲያቆን ሉሺየስ። «ሚስ ቴምፒ፣ ክርኑ ጋ! ክርኑን እሺው! ዋናው የሚንኮሻኮሸው ክርኑ ነው!» መቆንጠጫውን ጥሎ አጠገቤ ተንበረከከ፣ ዘፈንን በየእሑዱ የሚረግመው ሰው።

ሸሚዙን አውጥቼ መጭመቅ ጀመርኩ። እርጥብ ጨርቅ ለብቻ አይጨመቅም። አንድ እጅ ከወዲያ በኩል መጥቶ ጫፉን ያዘው። ቀና አልኩ። መሐንዲሱ ነው፣ ያ ቀጭን ልጅ፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እመቤት፣ እኔ ወደዚህ ልጠምዝዝ፣ እርስዎ ወደዚያ» አለኝ።

እመቤት አለኝ። እርስዎ አለኝ። ሳቁ ቀጥ አለ። የባንጆው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስተር ኮፕሊን ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልጁ የተናገረው ሲገባው ፊቱ ደም መሰለ፣ ግን ጫፉን አልለቀቀም። እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ ጠመዘዝነው፤ ውሃው ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ።

«ና፣ ልበስ» አልኩ ኦዜልን።

«እማማ፣ የሳንባ ምች ስትዪኝ አልነበር…»

«ዝም ብለህ ልበስ! ብትሞት ቤትህ ነው የምትሞተው! ጌታዬ» ወደ ሚስተር ኮፕሊን ዞርኩ፣ «ያችን አንዲት ሰም።»

«የእነሱ ናት አልኩሽ።»

ያኔ የቫዮሊኑ ሰው፣ ሲስቅብን የነበረው ሽማግሌ፣ ትንባሆውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዙሮ፣ «ይጫወት ይሄ ልጅ» አለ። «ይህን ሁሉ በረዶ አፍስሰው? እኛ ሌላ ጊዜ እንመጣለን። እንዴት እንደሚያልቅ ሳላይ ከዚህ አልሄድም።»

ሚስተር ኮፕሊን ሰዓቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ገንዳውን አየ። «በሉ!» አለ። «በሉ፣ በሉ!»

ሁሉም ሮጠ። መሐንዲሱ ሰሙን ከሚሞቀው ሣጥን አወጣ፣ ዲያቆኑ ወለሉን በኮፍያው ወለወለ። ኦዜል እርጥቡን ሸሚዝ በእጁ ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ፤ ቀድሞ መልበስ ፈራ። «አሁን!» አልኩት። አንዱን እጅጌ አስገባ፣ ሌላውን አስገባ። ከኋላው ሆኜ አንገትጌውን ሳብኩለት። ቀዩ አምፖል በራ፤ በዚያችው ቅጽበት ያ የበረዶ ጨርቅ ላብ ያጠመቀው ጀርባው ላይ ልጥፍ አለ።

«ዋዋዋይ‑ሁ!»

ብሎ ጮኸ። ላይ ወጥቶ የተሰነጠቀ፣ ከዚያ እንደ ኮረብታ ውሃ እየተንከባለለ የወረደ ጩኸት። እኔ አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ጩኸቱን አልጣለውም፤ ከወረደበት ላይ በክሩ ተቀበለው፤ አውራ ጣቱ ወደቀ፣ ጫጩቶቹ ሮጡ፣

«አባቴ ጥድ ደን ገባ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፤
አዬ፣ አባቴ ጥድ ደን ገባ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፤
እሱን ያስቀረው ደን፣ ለእኔም ጠረገ መንገድ።»

ዛሬ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አልፎ፣ ከማኮን እስከ ኦገስታ ጊታር ያነሣ ጎረምሳ ሁሉ ዘፈኑን በዚያ ጩኸት ይጀምራል። «የፕሩዊት ጩኸት» ይሉታል። ከጉሮሮ ነው ከደረት እያሉ ይከራከሩበታል፤ አንዱ እንዲያውም እኔው ቤት መጥቶ፣ አያትየዋ መሆኔን ሳያውቅ፣ ከአፍሪካ የመጣ ጥንታዊ ጥሪ ነው ብሎ አስረድቶኛል። እኔም ሰማሁት። ሎሚናት ሰጥቼ ሸኘሁት። ምን ልበለው? ጀርባው በርዶት ነው ልበለው?

በዚያች ሰዓት ግን ይህ ሁሉ የለም። ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ የበረዶ ስባሪ ቀርቷል፤ ብጥለው ወለሉ ላይ ይሰማል፣ ማይክሮፎኑ ይሰማዋል። ጨብጬዋለሁ። እሳት ሆነብኝ። ደግሞ የልጁ ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን አያለሁ፤ ሙቀትና በረዶ ባንድ ገላ ላይ፣ ይኸው ገደልኩት እላለሁ፣ በገዛ እጄ ገደልኩት። የሚንኮሻኮሸው ግን የለም። ክንዱ ጊታሩ ላይ እንደ ሐር ይመላለሳል። መሐንዲሱ በመጋረጃው ስንጥቅ አውራ ጣቱን ያሳያል።

ይህን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። በረንዳ ላይ ሲጀምረው «ቤቴ ውስጥ አይሆንም» ብዬ በር እዘጋለሁ። አሁን የምዘጋው በር የለኝም።

«እናቱ በር ላይ ቆማ፣ ልብስ ታጥባለች ለሰው፤
አዬ፣ እናቱ በር ላይ ቆማ፣ ልብስ ታጥባለች ለሰው፤
ዛሬም ሸሚዙን ሰቅላ፣ ትጠብቃለች ልትሰጠው።»

ያውቅ ኖሯል። ሰው ሳያይ የማደርገውን ሁሉ ያውቅ ኖሯል። በረዶው በጣቶቼ መሀል ቀልጦ አለቀና ክንዴ ላይ ወረደ፤ ምኑ ውሃ ምኑ እንባ እንደሆነ አልለየሁትም። ዲያቆኑ ኮፍያውን አፉ ውስጥ ጎስጉሷል። የቫዮሊኑ ሽማግሌ እግሩን ሊመታ ያነሣና፣ ድምፅ እንዳያሰማ አየር ላይ ያቆመዋል፣ እንደገና ያነሣል።

የመጨረሻው ክር ተመታ። ማንም አልተነፈሰም። ክብደቱ በሰንሰለቱ ላይ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ወረደ። አምፖሉ ጠፋ።

«ሰሙ ላይ አለ!» አለ መሐንዲሱ ከመጋረጃው ዘሎ ወጥቶ። «አለ፣ አለ፣ ሁሉም አለ! ያ ጩኸት ራሱ፣ መርፌው ሊዘል ነበር፣ ግን አለ!»

ያኔ ነው ክፍሉ የፈረሰው። ሽማግሌው ያንን ታግቶ የቆየ እግሩን በሙሉ ኃይሉ ወለሉ ላይ አሳረፈው። ዲያቆኑ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸና ራሱን ያዘ። እኔ ኦዜል ላይ ሄጄ ሸሚዙን መግፈፍ ጀመርኩ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ይስቃል፣ እኔ እየጮህኩበት በአንሶላው ጀርባውን እፈትገዋለሁ።

ሚስተር ኮፕሊን እስክንጨርስ ጠበቀ። «ነገ የአትላንታው ባቡር ላይ እፈልግሃለሁ» አለው። «ከዚያ ወደ ሌሎቹ ከተሞች። ይህንኑ ጩኸት ሁልጊዜ ትችለዋለህ?»

ኦዜል እኔን አየኝ። «በረዶ ካለ፣ ጌታዬ» አለ።

በኩሽናው ደረጃ እየተጋፋን ወረድን። ዲያቆኑ ወደ ፊት እየሮጠ፣ «ተናገሩ፣ ምንድን ናችሁ?» ይላል፤ ኦዜል «በረዶ ነን!» ብሎ ይመልሳል፣ እንደ ሕፃናት። ሳቄን ይዤ የጓሮውን በር ገፋሁት። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ካፒቴን ስትሪክላንድ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ መኪናችንን ተደግፎ ቆሟል። ሆቴሉ ውስጥ ምሳ በልቶ መውጣቱ ነው፤ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«አንተ ልጅ» አለው ኦዜልን። «ምነው ከወንዝ የወጣ ውሻ መሰልክ? ሰኞ ጠዋት ጥጥ መዳመጫው ጋ አትዘግይብኝ።»

ኦዜል ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እንደዚያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሲናገርህ መሬት እይ፣ አዎ ካፒቴን በል፣ በሕይወት ወደ ቤትህ ና። ሌላ ትምህርት አልነበረኝም። አሁንም አፉ «አዎ» ለማለት ሲከፈት አየሁት፤ ልምድ ሆኖበት፣ ከፍርሃት የተነሣ።

«ሰኞ ሥራ አለው፣ ካፒቴን» አልኩ።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን ሥራ?»

ዲያቆኑ ከጎኔ በከንፈሩ ብቻ፣ «በረዶ በይ፣ ከእኔ ጋር በረዶ ያመላልሳል በይ» ይለኛል። ጥሩ ውሸት ነበር። ማንም አይጎዳም። የኩሽናው ሴቶች ድስት ማጠባቸውን ትተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከመሀላቸው አንዷ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ናት።

«ዘፋኝ ነው» አልኩ። «ብሉዝ ዘፋኝ።»

ቃሏን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያወጣኋት፤ እንዲህ ትጮኻለች ብዬ አልጠበቅሁም። የጓሮውን ግድግዳ መትታ ተመለሰች። የኦዜልን ክንድ ያዝኩ።

ካፒቴኑ እኔን አየ። የኩሽናውን ሴቶች አየ፣ የሆቴሉን መስኮት አየ፤ የቫዮሊኑ ሽማግሌ እዚያ ላይ ክርኑን አስደግፎ ወደ ታች ያየናል። ስንጥሩን ተፋው።

«ከዚህ ደካማ የሚሻል ጉልበተኛ ሞልቷል» አለና ሄደ።

መኪናው ውስጥ ሦስታችንም ከፊት ተጣበን ገባን፤ የጊታሩ አንገት በመስኮቱ ወጣ። ዲያቆኑ ሞተሩን አስነሥቶ፣ «ሚስ ቴምፒ» አለኝ፣ «ያቺ ሴትዮ እሑድ ለመላው ጉባኤ ታወራለች።»

«እኔ እቀድማታለሁ» አልኩት። «መዘምራኑ ፊት ቆሜ ነው የምናገረው።»

ኦዜል ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ወደ መልኩ ተመልሷል፤ በመዳፌ ግንባሩን ነካሁት፣ ትኩሳት የለውም። እንደገና ነካሁት። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ።

«እስኪ» አልኩት፣ «ያችን ስለ ሸሚዙ ያልካትን ድገምልኝ።»